ጋኔት የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ምን ሠራች?

ጥያቄ፦ «ባለፈው ወር ከልጆቼ ጋር እንግሊዝ አገር ቻተም የሚገኘውን የድሮ የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ ጎብኝተን ነበር። እዚያ ደረቅ ዶክ (ውኃው የወጣለት የመርከብ ማቆሚያ ጉድጓድ) ውስጥ የቆመች ጋኔት የምትባል ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ አለች። አስጎብኚው በቀይ ባሕር ላይ የባሪያ ነጋዴዎችን ታሳድድ እንደነበር ነገረን። ትልቋ ልጄ ‹ታዲያ የእኛን አገር ሰዎች ነጻ አውጥታለች ማለት ነው?› ብትለኝ መልስ አጣሁ። ደግሞስ ስሉፕ ማለት ምንድን ነው? የጦር መርከብ ናት ወይስ የሸራ ጀልባ?»

ምላሽ፦

ልጅዎ ያነሳችው ጥያቄ ብዙ ጎብኚ ሳያስበው የሚያልፈው ነው። እኔም የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕር ታሪክ ሳጠና ከሁሉ በላይ የያዘኝ ይኸው ጉዳይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ። ዛሬ ማታ ለልጅዎ የሚነግሯት አጭር መልስ ግን ይህ ነው፦ አስጎብኚው አልተሳሳተም፤ ጋኔት በ1880ዎቹ አጋማሽ የባሪያ ንግድን ለመቆጣጠር በቀይ ባሕር ተመድባ ነበር። ሆኖም ከአገራችን ተወስደው ባሕር ላይ ነጻ የወጡት፣ ስማቸውና የራሳቸው ቃል ተጽፎ የቀረልን ልጆች የተገኙት ኦስፕሬይ በምትባል ሌላ ስሉፕ ነው። ሁለቱ መርከቦች እንደ ታላቅና ታናሽ እህት የሚተያዩ ናቸው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ስጠቅስ እናገራለሁ።)

ስሉፕ የሚለው ቃል ግራ የሚያጋባው ሁለት ትርጉም ስላለው ነው። ለሸራ ጀልባ ነጂ አንድ ምሰሶ ያላት ትንሽ ጀልባ ናት። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ግን ቃሉ ከምሰሶ ብዛት ይልቅ ከአዛዡ ማዕረግ ጋር የተያያዘ ነበር። ትልልቆቹን መርከቦች ሙሉ ካፒቴን ያዛል፤ ከእሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ኮማንደር የሚያዛት መለስተኛ የጦር መርከብ ስሉፕ ትባላለች። ስለዚህ ጋኔት የጦር መርከብ ናት፤ በሸራም ትሄዳለች፣ በእንፋሎትም። የእርስዎ ጥያቄ «ይህ ወይስ ያ?» ነበር፤ መልሱ ሁለቱም ነው።

ሁለቱንም መሆኗ ደግሞ ምክንያት ነበረው። በዚያ ዘመን ሞተሩ የድንጋይ ከሰል ይበላል፤ ከሰል የሚገኘው ደግሞ በጥቂት ወደቦች ብቻ ነው። ከእንግሊዝ ተነስታ ደቡብ አሜሪካን ዞራ ፓስፊክ የምትገባ መርከብ ረጅሙን መንገድ በነፋስ ካልሄደች አትዘልቅም። በሸራ ስትሄድ ግን ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ መርከቧን የሚገፋው ፕሮፔለር እንቅፋት ይሆንባታል። ስለዚህ የጋኔት ፕሮፔለር በኋላዋ በተከፈተ ጉድጓድ መሰል ክፍት በኩል ወደ ላይ ተጎትቶ ከውኃ እንዲወጣ ተደርጎ ተሠራ። የጭስ ማውጫዋም ወደ ታች የሚሰበሰብ ነው። ጭስ ማውጫው ዝቅ፣ ፕሮፔለሩ ከፍ ሲል መርከቧ ንጹሕ የሸራ መርከብ ትሆናለች። ጥሩ ነፋስ ሲያገኝ የሸራው ፍጥነት ከሞተሩ ይበልጥ ነበር፤ በሞተር በሰዓት 11 ተኩል፣ በሸራ እስከ 15 ኖቲካል ማይል ትሄድ ነበር።

የተሠራችው ከቻተም ብዙም በማይርቀው ሺርነስ ነው። ሥራዋ በ1876 ተጀምሮ ኦገስት 31 ቀን 1878 ውኃ ላይ ወረደች፤ በ1879 አገልግሎት ጀመረች። ክብደቷ 1,130 ቶን፣ ርዝመቷ 52 ሜትር፣ ወርዷ 11 ሜትር ያህል ነው። የነደፋት የዚያን ጊዜው የባሕር ኃይሉ ዋና መሐንዲስ ናትናኤል ባርናቢ ሲሆን፣ ዶትረል በሚባለው ዘር ከተሠሩት ዘጠኝ መርከቦች አንዷ ናት። ጋኔትም ዶትረልም የወፍ ስሞች ናቸው።

እንደገና ከሄዳችሁ ከዶኩ ወለል ሆናችሁ ሆዷን ቀና ብላችሁ ተመልከቱት። አጥንቷ ብረት ነው፤ ሥጋዋ ግን የቲክ እንጨት። ብረት መሥራት በሚችሉበት ዘመን ለምን እንጨት አለበሷት? ሞቃት ባሕር ውስጥ ብረት ላይ የባሕር ሣርና ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ይለጠፋል፤ መርከቧ ትከብዳለች፣ ፍጥነቷ ይወድቃል። መድኃኒቱ ስስ መዳብ ማልበስ ነበር፤ መዳብ ላይ እምብዛም ነገር አይለጠፍም፣ እንጨት የሚበሉትን የባሕር ትሎችም ይከላከላል። ነገር ግን መዳብና ብረት በጨው ውኃ ውስጥ ከተነካኩ ብረቱ ይበላል። ስለዚህ በመካከላቸው ወፍራም እንጨት ገባ። ዶክ በሌለበት ባሕር ላይ ለዓመታት የምትቆይ መርከብ እንዲህ መሆን ነበረባት። ለእኔ የዚህች መርከብ ትልቁ ሀብት ይኸው ነው፤ አንድ መንግሥት በሩቅ አገር ባሕር ላይ እንዴት ለዓመታት ተቀምጦ ያዝ እንደነበር በአካል የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ምድቧ ፓስፊክ ነበር፣ ከ1879 እስከ 1883። በዚያው ጊዜ ቺሊ በአንድ ወገን፣ ፔሩና ቦሊቪያ በሌላ ወገን ሆነው ይዋጉ ነበር፤ የጋኔት ሥራ የእንግሊዝን ንግድና ዜጎች እየጠበቁ መመልከት ነው። ስለዚህ ጊዜ ብዙ የምለው የለኝም። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፦ የዘሩ ስም መጠሪያ የሆነችው ዶትረል ወደዚሁ ፓስፊክ ስትጓዝ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1881 በቺሊ ደቡብ ጫፍ ፑንታ አሬናስ መልሕቋን ጥላ ቆማ ሳለ ፈንድታ ሰጠመች። 143 ሰው ሞተ፤ የተረፉት 12 ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ጥፋቱ የከሰል ጋዝ ነው ተባለ። ኋላ ላይ ግን ከተረፉት አንዱ በሌላ መርከብ ላይ አንድ ሽታ ሸቶት ፍንዳታው ሊደርስ ሲል የሸተተው ያው እንደሆነ ተናገረ። ሽታው ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ የሚጨመር ፈሳሽ ነበር፤ እንፋሎቱ በቀላሉ የሚቀጣጠል። ጋኔት ላይም ያን ጊዜ ተመሳሳይ ሕይወት የሚኖሩ 140 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ የነሱ እድል በሌላ መንገድ ሄደ።

አሁን ወደ ቀይ ባሕር እንምጣ።

ጋኔት ታድሳ በ1885 በሜዲትራኒያን ተመድባ ስትወጣ፣ በእኛ በኩል ነገሩ ሁሉ እየተለዋወጠ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት፣ ጁን 3 ቀን 1884፣ አድሚራል ዊሊያም ሂወት ከምጽዋ ተነስቶ ዓድዋ ድረስ ሄዶ ከአጼ ዮሐንስ አራተኛ ጋር ውል ተፈራርሟል። ንጉሠ ነገሥቱ በማህዲስቶች (በሱዳን በግብፅ አገዛዝ ላይ ባመፁት የማህዲ ተከታዮች) የተከበቡ የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ሊረዱ፣ በምትኩ ምጽዋ ለኢትዮጵያ ንግድ ነጻ ልትሆን። ከዚሁ ጋር ስለ ባሪያ ንግድ መከልከል ለብቻው ሌላ ውል ተፈርሟል። ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 1885፣ ጣልያን ምጽዋን ያዘች፤ እንግሊዝም ዝም ብላ አየች። አጼ ዮሐንስ ቃላቸውን ጠብቀው ነበር፤ ራስ አሉላም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 23 ኩፊት ላይ የማህዲስቶቹን አዛዥ የዑስማን ዲግናን ጦር ድል አድርገዋል። ይህን የማነሳው ለክርክር ብዬ አይደለም። ይኸው ዑስማን ዲግና ነው ከሦስት ዓመት በኋላ ጋኔት መድፏን የምታዞርበት።

የባሪያ ንግድ ጥበቃው እንዴት ይሠራ እንደነበር ሰው ሲያስበው ትልቅ መርከብ ትንሽ መርከብ ሲያሳድድ ይታየዋል። በቀይ ባሕር እንደዚያ አልነበረም። ከአፍሪካ ዳርቻ ወደ ዓረብ ዳርቻ የሚሻገሩት ሳምቡኮች (የእንጨት የሸራ ጀልባዎች) ጥልቀት አይፈልጉም፤ በኮራል ዐለቶቹ መካከል እንደ ዓሣ ይሾልካሉ። ጋኔትን የምታህል መርከብ እዚያ ብትገባ ሆዷ ይቀደዳል። ጭሷም ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ ዋናዋ መርከብ ራቅ ብላ ትቆማለች፤ ትንንሽ ጀልባዎቿን ታወርዳለች፤ ጥቂት መርከበኞች በአንድ መኮንን መሪነት ውኃና ደረቅ ብስኩት ይዘው ከደሴት ጀርባ ተደብቀው ለቀናት ይጠብቃሉ። ፀሐዩ ምን እንደሚመስል ምጽዋን ወይም አሰብን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ጉዞው አጭር ነው፤ ነፋስ ከረዳ ሳምቡኩ በአንድ ሌሊት ይሻገራል። ያቺ ሌሊት ካመለጠች አለቀ። የፈረንሳይ ባንዲራና ወረቀት የያዘ ሳምቡክ ሲገኝ ደግሞ እንግሊዞች መፈተሽ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ነጋዴውም ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ለመርከበኞቹ ነጻ በሚያወጡት ሰው ቁጥር ጉርሻ ይከፈል እንደነበርም ማወቅ ይገባል። ይህን ስናገር ሥራውን ለማሳነስ አይደለም፤ ነጻ የወጣው ልጅ በማን ኪስ ምን ገባ ብሎ አይጠይቅም። ግን ታሪኩን በሙሉ መናገር ካለብን ይህም አለ። ከዚህ የበለጠው እውነት ደግሞ ወደ እኛ ያመለክታል። ልጆቹን ባሕር ዳር ያደረሳቸው እንግሊዛዊም ዓረብም ከመሆኑ በፊት የራሳችን ምድር ሰው ነው፤ ባሪያ ፈንጋዩ፣ ደላላው፣ ቀረጥ የሚቀበለው ሹም፣ በችግር ጊዜ አሳልፎ የሰጠው ጎረቤት።

ይህን ከግምት አይደለም የምናውቀው፤ ከልጆቹ አፍ ነው። እዚህ ላይ ነው ኦስፕሬይ የምትመጣው። ኦስፕሬይ ከጋኔት ትንሽ ቀደም ብላ የተሠራች፣ ለዶትረል ዘር መነሻ የሆነው ንድፍ መጠሪያ ናት። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1888 በኮማንደር ቻርልስ ጊሲንግ አዛዥነት ከዛሬዋ ኤርትራ ደቡብ ጫፍ፣ ከራሄይታ አካባቢ ተነስተው ወደ የመን ዳርቻ የሚሻገሩ ሦስት ሳምቡኮችን ያዘች። ውስጣቸው 204 ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች፣ ወንዶችና ሴቶች። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ መስከረም 7 ቀን 1881 ነው። እንቁጣጣሽ ካለፈ ገና አንድ ሳምንት አልሞላውም።

ልጆቹ በየመን ዳርቻ ወዳለችው ወደ ኤደን ወደብ ተወሰዱ። የተወሰኑት ሼክ ዑስማን በሚባለው ቦታ የስኮትላንድ ሚሲዮን ተቀበላቸው። የኤደን አየር ግን አልተስማማቸውም፤ ይታመሙና ይሞቱ ጀመር። በመጨረሻ 64 ልጆች በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ልጅ የተወለደበትን፣ አባትና እናቱን፣ ማን እንደወሰደው፣ ስንት ጊዜ እንደተሸጠ፣ በየት በየት እንዳለፈ እየተጠየቀ በአስተርጓሚ ቃሉ ተጻፈ። በአፍሪካ የባሪያ ንግድ ታሪክ ውስጥ ልጆች በልጅነታቸው የሰጡት እንዲህ ያለ ቃል እጅግ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ባሕር ሳይደርሱ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ደጋግመው ተሸጠዋል፤ ጉዞው ለአንዳንዱ ወራት፣ ለአንዳንዱ ዓመታት ፈጅቷል።

ከነዚህ ልጆች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። አድጋ አስተማሪ ሆነች፤ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ትዳር መሠረተች፤ ለልጇም ዲምቢቲ የሚል የአገሯን ስም አወጣች። የዲምቢቲ ልጅ ኔቪል አሌክሳንደር ነው፤ አፓርታይድን ታግሎ ከ1964 እስከ 1974 ከማንዴላ ጋር በሮበን ደሴት የታሰረው፣ ኋላም ስለ አፍሪካ ቋንቋዎች ሲሟገት የኖረው ምሁር። ከላቭዴል ልጆች የተወሰኑት ደግሞ በ1909 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰዋል። ልጅዎ ስለ ጋኔት ስትጠይቅ በልቧ የፈለገችው ይህን ታሪክ ይመስለኛል፤ ስለዚህ የመርከቡን ስም አስተካክለው ይንገሯት እንጂ ታሪኩን አይንፈጓት።

ጋኔትስ በዚያ ሳምንት የት ነበረች? ኦስፕሬይ ሳምቡኮቹን በያዘች ማግስት፣ ሴፕቴምበር 17፣ በዚያው ባሕር ሰሜን ላይ ሱዋኪን ወደብ መድፏን መተኮስ ጀመረች። ሱዋኪን ያኔ የሱዳን ዋና የባሕር በር ስትሆን፣ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር በከተማዋ ውስጥ፣ የዑስማን ዲግና ጦር በዙሪያዋ ሰፍሮ ነበር። ጋኔት ዶልፊን የምትባለውን መርከብ ተክታ እስከ ኦክቶበር 15 ቆየች። በዚያ አንድ ወር 200 ያህል የመድፍ ጥይትና 1,200 ያህል የኖርደንፌልት ጥይት ተኩሳለች። ኖርደንፌልት ብዙ አፈሙዝ ጎን ለጎን የተደረደረበት፣ በእጅ እጀታ የሚሠራ የዚያ ዘመን መትረየስ ነው። በጠቅላላ የአገልግሎት ዘመኗ ጋኔት በእርግጥ የተዋጋችው ይህችን አንድ ወር ነው ማለት ይቻላል።

ወታደራዊ ጥቅሙን ስመዝነው፣ እንደ እኔ የጋኔት መድፎች ከተማይቱ እንዳትወድቅ ረዱ እንጂ ከበባውን አልሰበሩም። ከበባው የተሰበረው ጋኔት ከሄደች በኋላ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1888 በጄኔራል ግሬንፌል የሚመራ ጦር ከከተማው ወጥቶ ገማይዛ ላይ ሲዋጋ ነው። ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በማርች 1889፣ አጼ ዮሐንስ ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ። በአንድ ጠላት ላይ አንዱ ከባሕር፣ አንዱ ከደጋ ሲተኩስ በመካከላቸው የነበረው የዓድዋ ውል ከወረቀት አላለፈም ነበር።

ከሱዋኪን በኋላ ያለው ሥራዋ በሙዚየሙ ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ብቻ የሚሰጠው ነው፤ በሜዲትራኒያንና በቀይ ባሕር የባሕር ወለል መለካት። እኔ ግን ይህን ከተኩሱ አላሳንሰውም። መርከበኛ እርሳስ የታሰረበት ገመድ ወደ ውኃ ይጥላል፣ ጥልቀቱን ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል፤ ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ፣ ይደግማሉ። ቀኑን ሙሉ፣ ወሩን ሙሉ። የኮራል ዐለት በሞላበት ባሕር ላይ መርከብ ሳይሰነጠቅ እንዲያልፍ ያደረገው ካርታ የተሠራው በእንዲህ ያለ ድግግሞሽ ነው።

በ1895 ቻተም ተመልሳ ከባሕር አገልግሎት ወጣች። ከዚያ በኋላ መፍረስ ነበረባት፤ እህቶቿ ሁሉ ፈርሰዋል ወይም ጠፍተዋል። እሷን ያተረፋት ጦርነት ሳይሆን መኝታ ነው። መጀመሪያ ለባቡር ኩባንያ ሠራተኞች ማደሪያ ሆነች፤ በ1903 ስሟ ፕሬዚደንት ተብሎ ለንደን ውስጥ የተጠባባቂ መርከበኞች ማሠልጠኛ ሆነች፤ ቀጥሎ ሃምብል ወንዝ ላይ ሜርኩሪ ለተባለ የወንዶች ልጆች ማሠልጠኛ ተሰጠች። ያን ትምህርት ቤት የሚመራው ዝነኛው የክሪኬት ተጫዋች ሲ.ቢ. ፍራይ ነበር፤ እውነተኛዋ አዛዥ ግን ሚስቱ ቢያትሪስ ናት፣ በጥብቅ ሥርዓቷ የምትፈራ። ልጆቹ ከጣሪያው በተንጠለጠለ የሸራ አልጋ ላይ ጎን ለጎን እየተኙ ለሃምሳ ዓመት ያህል ኖሩባት። ትምህርት ቤቱ በ1968 ሲዘጋ ለጥበቃ ተሰጠች፤ በ1987 ቻተም ገባች። አሁን የምታዩት መልኳ በ1886 የነበራት ተደርጎ የታደሰ ነው፤ ማለትም የቀይ ባሕር ዘመኗ።

ልጅዎ ለትምህርት ቤት ሥራ ትጽፈው እንደሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የየዕለት መዝገብ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ኤ.ዲ.ኤም. 53 በሚባለው ክፍል ይቀመጣል። የአንባቢ ካርድ በነጻ ይሰጣል። መዝገቡ ሲከፈት መጀመሪያ ያሰለቻል፤ በየሰዓቱ የነፋስ አቅጣጫ፣ የባሕሩ ሁኔታ፣ የተቃጠለ ከሰል፣ የታመመ ሰው ብዛት፣ በአንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም ተጽፎ ይደረደራል። ገጹን ቶሎ አይገልብጡት። ጀልባ ወረደች፣ ጀልባ ተመለሰች የሚሉትን አጫጭር መስመሮች ይከተሉ፤ የቀይ ባሕሩ ጥበቃ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ከቻላችሁ የሁለቱንም መርከቦች፣ የጋኔትንም የኦስፕሬይንም፣ የሴፕቴምበር 1888ን መዝገብ ጠይቁና ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡት።